የረጅም ጊዜ የእንቅልፍ እጦት እና አንጎል

የረጅም ጊዜ የእንቅልፍ እጦት አንድ ሰው ለወራት ወይም ለዓመታት ሰውነቱ ከሚፈልገው ያነሰ ሲተኛ፣ ወይም አልጋ ላይ የሚቆይበት ሰዓት በቂ ሆኖ ሳለ እንቅልፉ እየተቆራረጠ ሳይጠግብ ሲነሣ የሚፈጠር ሁኔታ ነው። ከደም ግፊት፣ ከልብና ከስኳር በሽታ ጋር ያለው ዝምድና ብዙ ጊዜ ይነገራል። ጉዳቱ ቶሎ የሚታየው ግን በአንጎል ሥራ ላይ ነው፤ ትኩረት ይሳሳል፣ አዲስ ነገር አልያዝ ይላል፣ ቁጣ ይቀርባል። በመካከለኛ ዕድሜ ለዓመታት የዘለቀ አጭር እንቅልፍ በእርጅና ከሚመጣ የመርሳት በሽታ ጋርም ተያይዞ ተገኝቷል።

በአማርኛ «እንቅልፍ አጣሁ» የሚለው አነጋገር የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይሸፍናል። አንደኛው ጊዜና መኝታ እያለ እንቅልፍ አልመጣ ማለቱ ነው፤ ይህ በሕክምና ኢንሶምኒያ ይባላል። ሌላው እንቅልፍ እየመጣ ለመተኛት ጊዜ ማጣት ሲሆን፣ የሌሊት ጥበቃ ሠራተኛና የፈረቃ ሠራተኛ በአብዛኛው የሚቸገሩት በዚህ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ሰውየው የተኛ እየመሰለው ትንፋሹ በሌሊት እየተቋረጠ በተደጋጋሚ የሚነቃበት ነው። የሦስቱም መነሻ ስለሚለያይ ለአንዱ የሚሠራ መፍትሔ ለሌላው ላይሠራ ይችላል።

ሌሊት በአስኮ

አስኮ በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል፣ ከዊንጌት ወደ ቡራዩ፣ ሆለታና አምቦ በሚወስደው ጎዳና ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። በጫማ ፋብሪካውና ወደ ምዕራብ ኢትዮጵያ በሚጓዙ አውቶቡሶች መናኸሪያው ይታወቃል። እንዲህ ባለ ሰፈር እንቅልፍ በግል ልማድ ብቻ የሚወሰን ነገር አይደለም። አውቶቡስ ንጋት ላይ እንዲንቀሳቀስ ሾፌሩና ረዳቱ በጨለማ መነሣት አለባቸው፤ ለተሳፋሪ ሻይ የምታፈላ ሴት ደግሞ ከእነርሱ ቀድማ ከሰል ታቀጣጥላለች። መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው የታክሲ ሰልፍ ሳይረዝምበት ለመድረስ በሌሊት ይወጣል፣ ማታም መንገዱ ተዘጋግቶበት አምሽቶ ይገባል። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የሚነሣ ሰው 7 ሰዓት ለመተኛት ከፈለገ ምሽት 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ሊወስደው ይገባል። እራት፣ የልጆች የቤት ሥራና የነገ ዝግጅት ባለበት ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት አድርጎ ይወስናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ለሚሠራ የትርፍ ሰዓት ሥራም የመደበኛውን የሰዓት ክፍያ 1.75 እጥፍ ያዝዛል። ሕጉ ሌሊቱን ውድ አድርጎታል ማለት ነው። ሆኖም ከፍ ያለው ክፍያ ሠራተኛውን ደጋግሞ ለማምሸት ሊያበረታታው ይችላል፤ ሻይ የምታፈላዋ ሴት ደግሞ አሠሪ ስለሌላት በአዋጁ ጥላ ሥር አትገባም።

የተኛ አንጎል ሥራ

እንቅልፍ አንጎል ሥራ የሚያቆምበት ሰዓት ነው የሚለው አስተሳሰብ ለረጅም ጊዜ ቆይቷል። ጀርመናዊው ሐኪም ሐንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ስለ መቅዳት እ.ኤ.አ. በ1929 ጽሑፍ ካወጣ በኋላ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1953 ደግሞ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን በተኛ ሰው ሽፋሽፍት ሥር ዓይኖች በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበትን የእንቅልፍ ደረጃ ለዩ። አብዛኛው ግልጽ ሕልም የሚታየው በዚህ ደረጃ ነው።

ጤናማ እንቅልፍ በግምት በየ90 ደቂቃው የሚደጋገም ዙር አለው። ሰው ከቀላል ሸለብታ ተነሥቶ ወደ ጥልቅ እንቅልፍ ይወርዳል፣ ከዚያም ወደ ሕልም እንቅልፍ ይመጣል። ጥልቁ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ ይበዛል፤ የሕልሙ ክፍል ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል። ስለዚህ ማለዳ ሁለት ሰዓት ቀድሞ የሚነሣ ሰው የሚያጣው ከሁሉም ደረጃ እኩል ቀንሶ አይደለም፤ ይበልጥ የሚቆረጥበት የሕልም እንቅልፉ ነው።

የእንቅልፍን ጊዜ የሚወስኑ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር በአንጎል ውስጥ እየተጠራቀመ የእንቅልፍ ግፊትን ይጨምራል፣ ሲተኛ ይቀንሳል። ሁለተኛው የውስጥ ሰዓት ነው። ከዓይን ነርቮች መገናኛ በላይ የሚገኝ ትንሽ የነርቭ ሕዋሳት ስብስብ በብርሃን እየተመራ የሰውነትን ሙቀት፣ ሜላቶኒንንና ሌሎች ሆርሞኖችን በ24 ሰዓት ዑደት ያዛል። በሕዋስ ውስጥ ይህ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም። ቀኑን ከንጋት የሚጀምረው የአገሩ ሰዓት አቆጣጠርም ከዚህ የውስጥ ሰዓት ጋር በደንብ ይስማማል፤ ሌላው ዓለም ቀኑን የሚቀይረው ሰው ሁሉ በተኛበት እኩለ ሌሊት ነው።

የውስጥ ሰዓቱ ሥራ ስለ በዛ ብሎ አይዘዋወርም። የሌሊት ሠራተኛ ቀን ሲተኛ ብርሃኑ፣ የሰፈር ድምፁና የራሱ ሆርሞኖች «ተነሣ» ይሉታል፤ ስለሆነም የቀን እንቅልፍ በአብዛኛው ያጠረና የተቆራረጠ ነው።

ሳይታወቅ የሚጠራቀም ዕዳ

በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ቫን ዶንገን፣ ዴቪድ ዲንገስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ርዕስ መሠረታዊ ነው። 48 ጤናማ ሰዎችን በቡድን ከፍለው ገሚሶቹን ለ14 ሌሊቶች በቀን 8፣ ሌሎቹን 6 ወይም 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረጉ፤ አንድ ቡድን ደግሞ ሦስት ሌሊት ጭራሽ አልተኛም። በ6 እና በ4 ሰዓት የተወሰኑት ሰዎች ትኩረት ከቀን ወደ ቀን እያሽቆለቆለ ሄዶ፣ በመጨረሻ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ጨርሶ ካልተኛ ሰው ጋር የሚወዳደር ሆነ።

ከዚህ ይልቅ አሳሳቢው ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የሰጡት መልስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንቅልፍ እንደሚጫናቸው ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ ግን ስሜቱ ብዙም አልጨመረም። ፈተናው ሲያሽቆለቁሉ እያሳየ፣ እነርሱ ለምደነዋል ብለው ያስቡ ነበር። «እኔ አምስት ሰዓት ይበቃኛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ እየዋሸ አይደለም። ድካሙን የሚለካበት አንጎል ራሱ ስለ ደከመ ብቻ ነው የሚሳሳተው።

ይህ በመንገድ ላይ ሕይወት ያስከፍላል። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የምላሽ ፍጥነቱና ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ ጥናቶች አሳይተዋል። ሌሊት 10 ሰዓት የተነሣ ሾፌር ወደዚህ የሚደርሰው ምሽት 3 ሰዓት አካባቢ ነው። የአልኮል ሽታ በትራፊክ ፖሊስ ሊታወቅ ይችላል፤ የእንቅልፍ ዕዳ ግን ሽታ የለውም። ከዚህም የሚከፋው ቅጽበታዊ ሸለብታ ነው። ለጥቂት ሴኮንዶች፣ አንዳንዴም ዓይን ሳይከደን፣ አንጎል በእንቅልፍ ሞገድ ውስጥ ይገባል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ በ3 ሴኮንድ ውስጥ 66 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሙዚቃ ከፍ ማድረግና መስኮት መክፈት ለጊዜው ያነቃሉ፣ አዴኖሲኑን ግን አይቀንሱም።

ትምህርትና ትውስታ

በቀን የተማርነው ነገር መጀመሪያ የሚያልፈው ሂፖካምፐስ በተባለ የአንጎል ክፍል ነው። በእንቅልፍ ጊዜ፣ በተለይም በጥልቁ ክፍል፣ ሂፖካምፐስ የቀኑን የነርቭ እንቅስቃሴ እየደጋገመ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫ ወደሚያገለግለው የአንጎል ቅርፊት ያስተላልፋል። እንቅልፍ ካልተገኘ ጉዳቱ ከሁለት ወገን ይመጣል፤ ትናንት የተጠናው አይረጋም፣ ዛሬ የሚነበበውም በደንብ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ጥናት አንድ ሌሊት ያልተኙ ወጣቶች ሥዕሎችን እንዲያስታውሱ ሲደረግ ሂፖካምፐሳቸው ከተኙት ያነሰ እንቅስቃሴ አሳይቷል፤ ያስታወሱትም ያነሰ ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ ተማሪዎች የሚታወቅ ነገር አለ። ሰብለወንጌል ለማና ባልደረቦቿ በጎንደርና በሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ያደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት በ2,551 ተማሪዎች ላይ ተመሥርቶ 55.8 ከመቶ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ጥራት የጎደለው መሆኑን አሳየ፤ የጭንቀትና የድብርት ምልክቶችም ከመጥፎ እንቅልፍ ጋር ተያይዘው ተገኙ። ይኸው ቡድን ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው ጽሑፍ የተሻለ እንቅልፍ ያላቸው ተማሪዎች የተሻለ የትምህርት ውጤት እንዳላቸው አመለከተ። ዝምድናው በራሱ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ አይናገርም፤ የተጨነቀ ተማሪ መጥፎም ይተኛል፣ መጥፎም ያጠናል።

ለፈተና ሲቀርቡ እግርን በቀዝቃዛ ውኃ ባልዲ ነክሮ ማንበብ በተማሪዎች ዘንድ የቆየ ዘዴ ነው። እንቅልፍን ማባረሩ እውነት ነው። ችግሩ የተባረረው እንቅልፍ ያንኑ ንባብ ያረጋ የነበረው መሆኑ ነው። ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች የሚመከረው ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ለአዋቂ ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት ነው።

ቁጣ፣ ድብርትና ዱካክ

አሚግዳላ ለፍርሃትና ለስጋት ፈጥኖ ምላሽ የሚሰጥ የአንጎል ክፍል ሲሆን፣ ከግንባር በስተጀርባ ያለው ክፍል ደግሞ ይገታዋል። ሌላ የ2007 ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ሌሊት ያልተኙ ሰዎች አስጨናቂ ምስል ሲያዩ አሚግዳላቸው ከተኙት በ60 ከመቶ የበለጠ ምላሽ ሰጥቷል፤ ከግንባሩ ክፍል ጋር የነበረው ግንኙነትም ላልቶ ነበር። በታክሲ ውስጥ በመልስ ሳንቲም የሚነሣ ጠብ ሁሉ የእንቅልፍ ነው ማለት አይቻልም፤ በማለዳ ሰልፍ ላይ ያሉ ሰዎች ስንት ሰዓት እንደተኙ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ነገሩ ከቁጣ ያልፋል። ቀደም ብሎ ድብርት ያልነበረባቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች በአንድነት ሲታዩ፣ እንቅልፍ አልወስድ የሚላቸው ሰዎች በኋላ በድብርት የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በእጥፍ ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች እንቅልፍ ማጣትን የድብርት ምልክት ብቻ አድርገው ማየት ትተው ራሱን የቻለ ሕክምና የሚያስፈልገው ችግር አድርገው ይወስዱታል።

እንቅልፍ ማጣት ከሚያበረታቸው ነገሮች አንዱ በኢትዮጵያ ዱካክ በሚል ስም የታወቀው ክስተት ነው። ሰውየው ይነቃል፣ ነገር ግን መንቀሳቀስም መጮህም አይችልም፤ ደረቱ ላይ የተጫነ ነገር ያለ ይመስለዋል፣ አንዳንዴም በክፍሉ ውስጥ ሰው ያያል። በሕልም እንቅልፍ ወቅት አንጎል ሕልሙን በአካል እንዳንፈጽም ጡንቻዎችን ያስራል፤ ንቃተ ኅሊና ከዚህ እስራት ቀድሞ ሲመለስ ዱካክ ይከሰታል። ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ያልፋል። ፈረቃ በሚቀያይሩና እንቅልፋቸው በተቆራረጠ ሰዎች ላይ ይበዛል።

ቆሻሻ ማስወገድና የመርሳት በሽታ

አንጎል ሲሠራ የሚወጡ ተረፈ ነገሮች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ሲሆን፣ በአልዛይመር በሽታ በነርቭ ሕዋሳት መካከል ተጠራቅሞ ይገኛል። በአይጦች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ጥናት መጠኑ በንቃት ጊዜ ከፍ፣ በእንቅልፍ ጊዜ ዝቅ እንደሚል አሳየ። ከአራት ዓመት በኋላ የማይከን ኔደርጋርድ ቡድን የአይጦች አንጎል ሲተኛ በሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት በ60 ከመቶ ያህል እንደሚሰፋና ፈሳሽ በዚያ እየፈሰሰ ተረፈ ነገሩን እንደሚያጥብ ጻፈ። ይህ ሐሳብ በፍጥነት ታወቀ፤ «እንቅልፍ አንጎልን ያጥባል» የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 ከለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የወጣ ሌላ የአይጥ ጥናት በእንቅልፍ ጊዜ ማጽዳቱ እንዲያውም እንደሚቀንስ በመግለጹ ክርክሩ አልተዘጋም። ስለዚህ አባባሉ እንደ ተረጋገጠ እውነት መወሰድ የለበትም።

በሰው ላይ ያለው ማስረጃ በሌላ መንገድ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በ20 ሰዎች ላይ የተደረገ የአንጎል ምስል ጥናት ከአንድ ሌሊት ንቃት በኋላ በሂፖካምፐስ አካባቢ የቤታ አሚሎይድ መጠን 5 ከመቶ ያህል ጨምሮ አገኘ። የለንደን የመንግሥት ሠራተኞችን ከ1985 ጀምሮ የሚከታተለው የኋይትሆል ጥናት ደግሞ ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎችን መረጃ መርምሮ፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ ዕድሜ ሳይቋረጥ 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙ ሰዎች 7 ሰዓት ከተኙት ይልቅ በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ30 ከመቶ ያህል ከፍ ብሎ እንደተገኘ እ.ኤ.አ. በ2021 አስታወቀ። የመርሳት በሽታ ገና ሳይታይ ለዓመታት እንቅልፍን ሊያውክ ስለሚችል፣ የትኛው ቀዳሚ እንደሆነ ለመለየት ረጅሙ የክትትል ጊዜ ጠቅሟል፤ ቢሆንም ይህ ዓይነት ጥናት መንሥኤን ብቻውን አያረጋግጥም። 30 ከመቶ ሲባልም እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኞቹ አልታመሙም።

ቡና፣ ጫትና ጨብሲ

ካፌይን የሚሠራው አዴኖሲን በሚቀመጥበት ቦታ ቀድሞ በመቀመጥ ነው። ድካሙን አያጠፋውም፤ ወሬው ለአንጎል እንዳይደርስ ይከለክላል። ግማሹ ከደም እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በአንድ ጥናት ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ ቀንሷል። ምሽት 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶና እና በረካ ሦስቱንም የጠጣና 4 ሰዓት ላይ የተኛ ሰው «ቡና እኔን አይነካኝም» ሊል ይችላል፤ እንቅልፍ ቶሎ ቢወስደው እንኳ ጥልቁ ክፍል ሊሳሳበት ይችላል። የቡናው ሥርዓት ያለው የጎረቤት ወግ ግን ለአእምሮ ሰላም የራሱ ዋጋ ስላለው፣ ቡናውን ከመተው ሰዓቱን ወደ ቀን ማምጣት ይቀላል።

ጫት የተለየ ነው። በውስጡ ያለው ካቲኖን እንደ አምፌታሚን ዶፓሚን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል። የረጅም መንገድ ሾፌሮችና የሚያጠኑ ተማሪዎች ለንቃት ይቅሙታል። ምርቃናው ሲያልፍ እንቅልፍ አልመጣ ይላል፤ ያን ለመስበር አልኮል መጠጣት፣ ማለትም ጨብሲ፣ ይከተላል። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ከዚያ ግን የሕልም እንቅልፍን ያፍናል፤ ሌሊቱ ሲጋመስም ያነቃል። በማግሥቱ የተረፈውን ድካም ለማባረር እንደገና ጫት ይፈለጋል፤ ዑደቱም በዚሁ ይቀጥላል።

ማገገምና ሕክምና

የሁለት ሳምንት ዕዳ በአንድ እሑድ አይከፈልም። ለ7 ቀናት እንቅልፋቸው በተቀነሰ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ሌሊት 8 ሰዓት ቢተኙም የትኩረት ፈተና ውጤታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። በአይጦች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ከዚህ ያለፈ ነገር ያሳያሉ፤ ተደጋጋሚ የእንቅልፍ እጦት ንቃትን የሚቆጣጠሩ አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት እንዲሞቱ አድርጓል። በሰው ላይ ይህ አልታየም። ሰዓቱን አስተካክሎ ለሳምንታት የተኛ ሰው ስሜቱና ትኩረቱ እንደሚሻሻሉ ግን ግልጽ ነው።

እንቅልፍ አልወስድ ለሚለው ሰው የመጀመሪያው ሕክምና ክኒን አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ቅድሚያ እንዲሰጠው ያመለከተው በንግግርና በልማድ ለውጥ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መውጣት፣ አልጋን ለመኝታ ብቻ ማድረግና አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ለጊዜው ማሳጠር ይገኙበታል። የመጨረሻው እንግዳ ቢመስልም የእንቅልፍ ግፊትን በመጨመር ይሠራል። እንደ ዲያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች በራስ ውሳኔ ሲወሰዱ ይለመዳሉ፣ ሲቋረጡም እንቅልፉ ከቀድሞው ሊብስ ይችላል።

ለፈረቃ ሠራተኛ ምክሩ ሌላ ነው፤ ከሥራ በፊት አጭር እንቅልፍ መተኛት፣ ጠዋት ወደ ቤት ሲመለስ ብርሃን መቀነስ፣ መስኮቱን በወፍራም መጋረጃ መሸፈን፣ ቤተሰቡም የዚያን ሰው ቀን እንደ ሌሊት እንዲቆጥረው ማድረግ። ግድግዳው ስስ በሆነና ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት ከእነዚህ የሚቻለው ጥቂቱ ነው። አጥብቆ የሚያንኮራፋ፣ በሌሊት ትንፋሹ ሲቋረጥ ሌላ ሰው ያየው፣ ቀን ደግሞ ቁጭ ባለበት የሚተኛ ሰው ግን ልማድ በማስተካከል ብቻ አይድንም፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ለአስኮ ነዋሪ ቅርብ የሆነው ትልቅ ሆስፒታል ቅዱስ ጳውሎስ ነው። ከታካሚው ጋር በአንድ ክፍል የሚያድር ሰው አብሮ ቢሄድ ይመረጣል፤ የተኛው ሰው ስለ ራሱ ማንኮራፋት የሚያውቀው ጥቂት ነውና።